ጫማዬን ያፈነዱብኝ ዕለት

በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነበር። በዚያ ዕድሜዬ፣ ለንደን በሚሉት ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ቆሞ እያየ ጫማዬን አፈነዱብኝ። ተሰረቀብኝ አላልኩም፤ ጠፋብኝም አላልኩም። ሌባ ቢወስደው እኮ ጫማው ሌላ እግር ያገኛል፣ ይሄዳል። አፈነዱት ነው የምላችሁ! እስከ ዛሬ ንዴቱ ስላልወጣልኝ ነው ብዕር የያዝኩት። ድንጋይ ስጠርብ የኖርኩ ግንበኛ ነኝ፤ እጄ የለመደው መዶሻ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አንባቢ ያቃናው።

መጀመሪያ ስለ ጫማው ልናገር። ጫማውን ካላወቃችሁ ንዴቴን አታውቁትም።

ልጄን ጽጌን መንግሥት በሰባ አራት ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ላካት። ተምራ ትመለሳለች ብዬ ዋስ ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሷ ትምህርቷን ጨረሰችና ወደ አገሯ በመመለስ ፈንታ ለንደን ገብታ ቀረች። ቀበሌ ጠሩኝ። «ልጅህ የት አለች?» አሉኝ። «የላካችኋት እናንተ፣ የምትጠይቁት እኔን!» አልኳቸው። ለዚህች መልስ ሦስት ቀን አሳደሩኝ። ከዚያ ስወጣ ማልኩ፤ ከእንግዲህ የእሷን አልበላም፣ የእሷን አልለብስም፣ ለደብዳቤዋም መልስ አልሰጥም ብዬ።

በዓመቱ በሰው እጅ ጫማ ላከችልኝ። ቡናማ ነው። ቆዳው ፊት ያሳያል፤ ሶሉ የተሰፋ እንጂ በማስቲሽ የተለጠፈ አይደለም። አላደረግሁትም። ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ገፋሁት፤ ስድስት ዓመት እዚያው ተቀመጠ። በየፋሲካው ግን እናቷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ አወጣና ቀለም ቀብቼ መልሼ እከድነዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በሰማንያ አምስት ልጄ የአውሮፕላን ቲኬት ላከች። አልሄድም አልኩ። እናቷ፣ በአርባ ዓመት ትዳራችን ድምጿን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሴት፣ «ካልሄድክ እኔ ሄጄ እዚያው እቀራለሁ» አለችኝ። ሄድኩ። ከቤት የወጣሁት በአሮጌው ጫማዬ ነው። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ያችን ሰው ዞሮ የማይወጣባትን ሽንት ቤት ገባሁና፣ ግድግዳውን በክርን እየመታሁ፣ ቡናማውን አደረግሁ። አሮጌውን እዚያው ተውኩት። አስቡት እንግዲህ፤ መሐላዬን በሰማይ ላይ አፍርሼ፣ ለአንዲት ልጅ ብዬ!

ሂትሮው አየር ማረፊያ ጽጌ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ አንድ እግሬን ወደፊት አወጣሁ። አለቀሰች። ሌላውን አወጣሁ። ዕቃዬን ተቀበለችና መንገድ ጀመረች። ስለ ጫማው አንዲት ቃል የለም።

ካሌዶኒያን ሮድ፣ ካውንስል የሚሉት የእነሱ ቀበሌ ካከራያት ፎቅ ቤት ገባን። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። «ደከመዎት እንዴ አባባ?» አለችኝ። ሳሎኑ መሐል ቁጭ ብዬ ጫማዬን ጠረግሁ። «እንዳይቀዘቅዝዎት መስኮቱን ልዝጋው» አለችኝ። ለምን አትነግራትም የምትሉ አትጠፉም። እኔ ነኝ የምነግራት? ስድስት ዓመት ቆይቼ ያደረግሁት እኔ፣ አፍ አውጥቼ የምናገረውም እኔ? እሷ ትየው እንጂ!

በሃያኛው ቀን፣ አየር ማረፊያ በጽዳት ከምትሠራበት አንድ ቀን ፈቃድ ወሰደች። «አባባ፣ ነገ ከተማውን አሳይዎታለሁ» አለችኝ። «ምሳም ወንዙ ዳር ቡክ አድርጌያለሁ። ሁልጊዜ በአውቶቡስ ሳልፍ የማየው ምግብ ቤት ነው፤ ገብቼበት አላውቅም።»

«ጾም ነው።»

«አውቃለሁ፤ የጾም አትክልት እንዲሠሩ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አልቀምስ።»

«የእርስዎ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ሰባት ነው። ለዚያ ነው ለሰባት ተኩል ቡክ ያደረግሁት።»

ይሄን የተናገረችው ስለ ሰዓቴ ነው። ከአዲስ አበባ የያዝኩት የጠረጴዛ ሰዓት አለኝ፤ በቁልፍ የሚሞላ፣ ሲሄድ ጎረቤት የሚሰማው፣ ሲደውል ጎረቤት የሚቀሰቅስ። ስድስት ሳምንት ለማልኖርበት አገር ሰዓት አላዞርም ብዬ እንዳለ ተውኩት። በጾም ዘጠኝ ላይ እንዲደውል አድርጌ የትም ይዤው እሄዳለሁ። ያን ቀንም በቢጫ ፌስታል አንጠልጥዬው ወጣሁ። ልብ በሉ፤ ሰዓት፣ ቢጫ ፌስታል። ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። ያን ጊዜ ለንደን ውስጥ ቦምብ በከረጢት እያስቀመጡ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ባቡር ጣቢያ ውስጥ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንኳ አታገኙም፤ ቦምብ ይደበቅበታል ብለው ነቅለውታል። እኔ በመጣሁ ሰሞን የሙዝ ልጣጭ በኪሴ ይዤ ሦስት ጣቢያ ዞሬያለሁ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ብል ውሸቴን ነው። አውቅ ነበር። ግን ቦምብ የእነሱ ጉዳይ እንጂ የእኔ አልመሰለኝም።

ጠዋት ጣሪያ የሌለው ባለ ፎቅ አውቶቡስ ላይ አወጣችኝ። ቤት ሠሪ ነኝና ጣሪያ የሌለው ነገር አልወድም። አንዱ ድምጽ ማጉያ ይዞ ያወራል፣ ጽጌ ትተረጉማለች።

«ይሄ የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት ነው።»

«አለች?»

«የለችም፤ ነሐሴን ሌላ ቦታ ነው የምታሳልፈው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ አጥሩን ይዞ ማንን ነው የሚለምነው?»

በሩ ላይ አንድ ልጅ እግር ወታደር የበግ ግልገል የሚያክል ጠጉራም ባርኔጣ ደፍቶ በዚያ ሙቀት ቆሟል። ሰው ተራ በተራ አጠገቡ እየሄደ ፎቶ ይነሳል። «ምን አጥፍቶ ነው?» አልኳት። «ጠባቂ ነው እንጂ አልተቀጣም አባባ።» አላመንኳትም። ባጠፋ ሰው ላይ ካልሆነ እንዲህ አይደረግም።

ከዚያ ደግሞ ረጅም ግንብ ላይ የተሰቀለ ሰዓት አሳዩን። ሕዝቡ ብድግ ብሎ ካሜራውን አወጣ። ፌስታሌን ፈትቼ ከእኔው ጋር አስተያየሁት። «ልክ አይደለም» አልኩ። ከፊቴ የተቀመጡት ፈረንጆች የጠረጴዛ ሰዓቴን አይተው ፎቶ አነሱኝ። ጽጌ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች።

ረፋዱ ላይ ትልቁ ካቴድራል ደረስን። እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ንዴቴን ላቁም፤ ድንጋዩ ድንጋይ ነው። መጋጠሚያው ውስጥ ምላጭ አይገባም። በእጄ ዳበስኩት፣ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ይሄን የጠረበ ሰው ነፍሱን ይማር ብዬ ወደ በሩ ሄድኩና ጫማዬን ለማውለቅ አጎነበስኩ።

«አባባ! እዚህ አይወለቅም።»

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም?»

«ነው፤ ግን እነሱ ከነጫማቸው ነው የሚገቡት።»

«እግዚአብሔር ባሕር ሲሻገር ደንቡን ለወጠ?»

«ሰው ያየናል። እባክዎ ለእኔ ሲሉ።»

ሃያ ቀን ሙሉ ያላየችውን ጫማ ዛሬ እንዳላወልቀው ትለምነኛለች! «እሺ፣ ቲኬቱን ቁረጪ» አልኳት። የእግዚአብሔር ቤት በቲኬት ነው የሚገባው፤ ይሄንንም ጻፉልኝ። እሷ ስትሰለፍ ወደ ጥግ ዞር አልኩና ጫማዬን አወለቅሁ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን ዕቃ መቼም ደጃፍ ላይ ለሌባ አልዘረጋውም። ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት። ሰዓቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው እንዳይረብሽ ብዬ እሱንም በካልሲ ጠቅልዬ አንዱ ጫማ ውስጥ አስገባሁት። ትርፍ ካልሲ ከኪሴ አይጠፋም፤ እንደ ግንበኛ ሲባጎም አይጠፋም። ፌስታሉን በሲባጎ አራት ቦታ ጠፍሬ፣ ሰው እንዳያየው ከትልቁ ዓምድ ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ሸጎጥኩት። ግራና ቀኝ ገልመጥ አልኩና ፈጠን ብዬ ሄድኩ።

አሁን ስጽፈው ምን ይመስል እንደነበር ለእኔም ይታየኛል።

ውስጥ ገባን። ወለሉ መቃብር ነው፤ ስም ተቀርጾበታል፣ ሕዝቡ በላዩ ይንጋጋበታል። የጦር አለቃው እዚህ፣ መኳንንቱ እዚያ፣ ሁሉም ከጫማ ሥር። በካልሲ የረገጥኳቸው እኔ ብቻ ነኝና ሙታኑ ሳይመርቁኝ አልቀሩም። ጽጌ ቀና ብላ ጉልላቱን ስለምታይ እግሬን አላየችም። እግር የማየት ልማድ የላትም፤ ይሄን አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ምን አለ ትላላችሁ? ምግብ ቤት! ከመቅደሱ ሥር፣ በፍልሰታ፣ የአሳማ ሥጋ ይጠበሳል። ሽታው ሲመጣብኝ አፍንጫዬን ይዤ «አውጪኝ!» አልኳት። አፌን ሳልዘጋ ድምጽ ማጉያው ተናገረ፤ ጠባቂዎቹ እጃቸውን እያወናጨፉ ሕዝቡን በጎን በር አስወጡት። እኔ ስለ ሥጋው ሰምተውኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ውጭ መንገዱ በሪባን ታጥሯል። ፖሊሶች ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ይላሉ።

«ምንድን ነው?»

«አንድ ሰው ከበሩ አጠገብ ዕቃ ጥሎ ሄዷል አሉ። ቦምብ ሳይሆን አይቀርም።»

«የማይረባ ሰው» አልኩ።

ቆምን። ሌላ መኪና መጣ፤ ከሆዱ አንድ ባለ ጎማ የቦምብ ማምከኛ ማሽን ወጣ፣ ረጅም ክንድ ያለው። ያን ማሽን በዓይኔ ተከተልኩት። ወደ ትልቁ ዓምድ ሄደ። ዞር አለ። ክንዱን ወደ ግድግዳው ጥግ ዘረጋ። ፌስታሌን የሸጎጥኩበት ጥግ ነው።

ልናገር ወይስ ዝም ልበል? አያውልቁ ብላ ለምናኛለች፤ እሺ ብያለሁ። የልጄን ፊት አየሁ፤ ፖሊሱን አየሁ፤ ካልሲዬን አየሁ። «ጽጌ፣ አንቺ...» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት። አንድ ሰው እልኸኛ ነው ሲባል ጀግንነት ይመስላችኋል። እልኸኛ ማለት በካልሲው ቆሞ ዝም የሚል ነው።

በዚህ መሐል ሰዓቱ ዘጠኝ ሞላ። ከዓምዱ ኋላ ደወለ።

ሕዝቡ መሬት ላይ ተነጠፈ። ሴቶች ጮኹ፤ አንዱ ወፍራም ሰውዬ እኔው ላይ ወደቀ። ሁሉም ፊቱን ወደ መሬት ሲያደርግ ጽጌ ብቻ ቀና አለች። ያን ደወል ጾሙ ከገባ ጀምሮ ከቤቷ ሰምታዋለች። ዞራ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ዓይኗን ወደ እግሬ አወረደች።

«አባባ... ጫማዎ የት አለ?»

ከሂትሮው ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ስለ ጫማዬ የሚጠየቅ ጥያቄ ይሄው መጣ። መልሴን አፌ ላይ ሳደርስ ማሽኑ ተኮሰ። ድው!

ርግቦቹ ሁሉ ተነሱ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጩኸት ነው። «የእኔ ነው! ጫማ ነው! ምን አደረጋችሁ!» እያልኩ ከሪባኑ ሥር ሾለክሁ። ሁለት ፖሊሶች ብብትና ብብቴን ይዘው አንጠለጠሉኝ። ጽጌ በእንግሊዝኛ ትለማመጣለች፣ እኔ በአማርኛ እሳደባለሁ። በመጨረሻ መኪናቸው ውስጥ አስቀመጡንና አንድ ወጣት ፖሊስ ወረቀት አውጥቶ ጥያቄ ጀመረ፤ በጽጌ አስተርጓሚነት።

«ዕቃው ውስጥ ምን ነበር ይላል።»

«ሰዓትና ጫማ።»

«ጫማው ምን ዓይነት ነው ይላል።»

«ቡናማ። አርባ ሁለት ቁጥር። የተሰፋ ሶል፣ በይው፤ የተሰፋ!»

«ከየት ገዙት ይላል።»

«አልገዛሁትም።»

«እና ማን ሰጠዎት... ይላል።»

«ልጄ ናት የላከችልኝ በይው።»

አልተረጎመችም። ፖሊሱ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

«በይው እንጂ! ከማልኩ በኋላ ነው የላከችልኝ በይው። ስድስት ዓመት ከአልጋ ሥር አስቀምጬ፣ በየፋሲካው ቀለም እየቀባሁ አቆየሁት በይው። ለእሷ ላሳያት ብዬ አድርጌው መጣሁ፤ ሃያ ቀን ሙሉ አላየችውም! ዓይን የላትም በይው!»

ፖሊሱ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሷን ያያል። ጽጌ በሁለት ቃል አንድ ነገር አለችው፤ ጻፈ።

«ምን አልሽው?»

«‹ስጦታ ነው› አልኩት።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አይቼዋለሁ እኮ አባባ። ሂትሮው ላይ፣ ገና ከበሩ ሲወጡ። ፊትዎን ሳላይ ነው ጫማዎን ያየሁት። ለዚያ ነው እንደዚያ ያለቀስኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ያወልቁታላ!»

አንባቢ ሆይ፣ እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ፍንዳታው አይደለም። ይሄ ነው። እውነቷን ነው፤ አወልቀው ነበር። «እግሬ እንዳይበርደው ነው እንጂ ስላንቺ መስሎሻል?» ብዬ እዚያው ሂትሮው ላይ አውልቄ በካልሲ እገባ ነበር። ይችን ነገር አንዲት ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመት ሳታየኝ ቆይታ በአንድ አፍታ ስታውቅብኝ አያናድድም?

ፖሊሱ ሁለተኛ እንዳልደግመው አስጠነቀቀኝ። «በምን ጫማ እደግመዋለሁ በይው» አልኩ። ሲያወርደን ከፍርስራሹ አንድ የሶል ቁራጭ በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። ስፌቱን አየሁት፤ ጫፉ ተቃጥሏል እንጂ አልተፈታም። ፈንድቶ እንኳ አልተፈታም! ለጽጌ አሳየኋት። «ጥሩ ዕቃ ነበር» አልኳት። ከላከችው ጀምሮ ስለ ጫማው ለእሷ የተናገርኩት የመጀመሪያው ደግ ቃል ይሄ ነው።

ምሳ ቡክ ወዳደረገችበት ሄድን። በሩ ላይ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰውዬ ቆሟል። ካልሲዬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ያለ ጫማ አይገባም። ጽጌ አስረዳችው፤ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እንሂድ ልላት ስል ጎንበስ አለችና የራሷን ጫማ አወለቀች። ሁለቱንም በእጇ አንጠልጥላ፣ በባዶ እግሯ፣ ፊቱ ተገተረች።

«ምን አልሽው?»

«‹ከአባቴ ጋር ነኝ› አልኩት።»

ሁለታችንንም አባረረን። እልኽ በደም እንደሚሄድ ያን ቀን አየሁ፤ ደስ አለኝ ልል ነው መሰለኝ፣ ግን ተናድጄ ነበር። ስንት ዓመት በአውቶቡስ እያለፈች ያየችውን ቤት እንዲህ በሩ ላይ መመለሷ!

ወንዙ ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከአንድ ጋሪ የተጠበሰ ድንች ገዛች።

«በምን ዘይት ነው የጠበሰው?»

«በአትክልት ዘይት።»

«ሂጂ አስምይው።»

ሄዳ ተመለሰች። ማለ አለችኝ። ዋሽታኝ ከሆነ ኃጢአቱ በእሷ ነው። ወረቀቱን መሐላችን ዘርግተን፣ ኮምጣጤውን አፍስሰን፣ እግራችንን ሣሩ ላይ ጥለን በላን። በለንደን ከበላሁት ሁሉ የሚጥመው እሱ ነው፤ ይሄንንም በንዴት ነው የምናገረው። በመሐል አንድ ፖሊስ አጠገባችን ቆመና በጣቱ ወደ ወንበሩ ጫፍ ጠቆመ። የጽጌ ጫማ ብቻውን ተቀምጧል።

«የማን ነው ይላል» አለች፤ ድንቹ እስኪያንቃት እየሳቀች።

እኔ ተነስቼ ጫማዋን በሁለት እጄ አቀፍኩት። «የልጄ ነው በይው! ንክች እንዳያደርገው!»

ጽጌ ጫማዋን አድርጋ ወደ ሱቅ ሄደችና ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ቡናማ። አርባ ሁለት። «ካልሆነዎት ካርቶኑና ደረሰኙ እስካለ ድረስ በሌላ ቼንጅ ያደርጉልናል» አለችኝ።

«አላደርገውም» አልኩ። ልማድ ነው።

«እሺ አባባ» አለች። ካርቶኑን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ በካልሲዬ፣ በአውቶቡስ ቤት ገባሁ። አልጋው ሥር ገፋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ጽጌ ለሥራ ከመነሳቷ በፊት ነቃሁ። ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁና ጫማውን አደረግሁት። ጠበበኝ። አፍንጫው ጣቴን ያዘኝ፤ ተረከዙ ነከሰኝ። አንድ ጊዜ ሳሎኑን ዞርኩት፤ ባሰበት። ባዶውን ካርቶን ከነደረሰኙ አንስቼ፣ እያነከስኩ አራት ፎቅ ወረድኩና ግቢው ውስጥ ካለው ትልቁ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ እስከ ታች ገፍቼ ጣልኩት። ስመለስ ጽጌ የሥራ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ በቀጥታ ወደ እግሬ ሄደ።

«ልክዎ ነው አባባ?»

«ጫማዬን ተይና ሊፍቱን ጥሪው» አልኳት። «እስከ ባቡሩ እሸኝሻለሁ።»